‹‹እመለሳለሁ›› የሚለው ስፖንሰሩ ሲሆን

አዲስ አበባ ውስጥ ቪዛ ጠይቆ የማያውቅ ሰው እንኳ ‹‹እንደምትመለስ ምን ማስረጃ አለህ?›› የምትለዋን ጥያቄ ያውቃታል። ለሠርግ፣ ለምረቃ ወይም ለስብሰባ የሚሄድ ሁሉ የቤት ካርታ ቅጂ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የባንክ ስቴትመንትና የልጆች የልደት ሰርተፍኬት በፋይል ሰብስቦ ይቀርባል። ክርክሩም አንድ ነው፤ ‹‹ሥራዬም፣ ቤቴም፣ ልጆቼም እዚህ ናቸው፤ ለምን እቀራለሁ?››

የዚህ ወር ጨዋታችን ጥያቄውን ይገለብጠዋል። የሚጠየቀው ተጋባዡ መሆኑ ቀርቶ ጋባዡ ይሆናል፤ ‹‹እመለሳለሁ›› የሚባለውም ወደ ካናዳ ነው። ካናዳ አድጎ ወይም እዚያ ዜግነት አግኝቶ አገሩ የተመለሰ፣ እዚህ ሥራ የጀመረ፣ እዚህ ትዳር የመሠረተ ሰው ዛሬ በየመሥሪያ ቤታችንና በየሰፈራችን አለ። ይህ ሰው ሚስቱን ወደ ካናዳ ለመውሰድ ስፖንሰር ሆኖ ሲያመለክት (ሚስትም ባሏን ስትወስድ ያው ነው) ከጋብቻው ማስረጃ እኩል አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ‹‹አንተስ? አንተ ራስህ ካናዳ ልትኖር ነው?››

ብዙዎች ይህን እንደ አንድ ተጨማሪ ወረቀት ያዩታል። አንድ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ይያያዛል። እኔ ግን ከቅጾቹ ሁሉ ቤት ውስጥ ብዙ ሥራ የሚጠይቀው ይህኛው ይመስለኛል። ምክንያቱም ሌሎቹ ቅጾች የሚጠይቁት ያለፈውን ነው፤ መቼ ተዋወቃችሁ፣ መቼ ተጋባችሁ፣ የት ኖራችሁ። ይህኛው የሚጠይቀው ገና ያልሆነውን፣ ምናልባትም ገና ያልተወሰነውን ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የካናዳ የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ጥበቃ ደንብ አንቀጽ 130 መነሻው ቀላል ነው። ስፖንሰር የሚሆን ሰው ዕድሜው ቢያንስ 18 ዓመት፣ የካናዳ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ፣ መኖሪያውም ካናዳ ውስጥ መሆን አለበት። ቀጥሎ አንድ በር ይከፍታል። ከካናዳ ውጭ የሚኖር ዜጋ የትዳር ጓደኛውን ስፖንሰር ማድረግ ይችላል፤ የትዳር ጓደኛው ቋሚ ነዋሪ በሚሆንበት ጊዜ እሱም ካናዳ የሚኖር ከሆነ።

ይህ በር የተከፈተው ለዜጋ ብቻ ነው። ዜግነት ያልወሰደ፣ የቋሚ ነዋሪነት ካርድ (ፒአር) ብቻ ያለው ሰው አዲስ አበባ እየኖረ ሚስቱን ስፖንሰር ማድረግ አይችልም። እንዲህ ያለ ሰው መጀመሪያ ራሱ ሄዶ እዚያ መኖር ይኖርበታል። ‹‹ካርድ አለኝ፣ ከዚሁ ሆኜ እጨርሰዋለሁ›› የሚል ዘመድ ካላችሁ ይህን አንቀጽ አንብቡለት።

አብረው የሚሄዱ ሁለት ነገሮችም አሉ። አንደኛ፣ ራሱ በትዳር ጓደኛ ስፖንሰርነት ካናዳ የገባ ሰው ቋሚ ነዋሪ ከሆነበት ቀን ጀምሮ 5 ዓመት ሳይሞላው ሌላ የትዳር ጓደኛ ስፖንሰር ማድረግ አይችልም፤ በመሀል ዜግነት ቢያገኝ እንኳ። ሁለተኛ፣ ስፖንሰሩ የሚፈርመው ግዴታ አለ። የትዳር ጓደኛው ቋሚ ነዋሪ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ለ3 ዓመት መሠረታዊ ፍላጎቱን ለመሸፈን ቃል ይገባል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የትዳር ጓደኛው የመንግሥት የማኅበራዊ ድጎማ ቢወስድ ገንዘቡን የሚመልሰው ስፖንሰሩ ነው። ፍቺ ግዴታውን አያፈርሰውም። የገንዘብ ችግር፣ ሥራ ማጣትም አያፈርሰውም።

የገቢን ነገር ካነሳን፣ ለትዳር ጓደኛ ስፖንሰርነት ካናዳ በአብዛኛው ዝቅተኛ የገቢ መጠን አትጠይቅም። ስለዚህ እንደ ጉብኝት ቪዛ ‹‹ባንክ ውስጥ ስንት ይታይ?›› እያሉ ከዘመድ ገንዘብ ማሰባሰብ ቦታው እዚህ አይደለም። ገንዘብ የሚነሳው በሌላ በኩል ነው፤ ‹‹ሄደን እንኖራለን›› የሚለው ዕቅድ የሚያስኬድ መሆኑን ያሳያል። ለማመልከቻው ግን ክፍያ አለው። እ.ኤ.አ. በ2024 በተደረገው ማስተካከያ የትዳር ጓደኛ ማመልከቻ ከነቋሚ ነዋሪነት ክፍያው 1,205 የካናዳ ዶላር ደርሷል፤ የጣት አሻራና የፎቶ 85 ዶላር ለብቻው ነው። ክፍያው በየጊዜው ስለሚስተካከል ከመክፈላችሁ በፊት የዕለቱን ተመን እዩ።

‹‹እመኑኝ›› ማስረጃ አይደለም

ኑሮዬ ማርኬቲንግ ነው። ሥራው ካስተማረኝ ነገር አንዱ ‹‹ምርጥ ነን›› የሚል ማስታወቂያ ማንንም እንደማያሳምን ነው። ደንበኛ የሚያምነው ዕቃው መቼ እንደሚደርሰው፣ ማን እንደሚያደርስለት፣ ቢበላሽ የት እንደሚመልሰው ሲያውቅ ነው። ፋይላችሁን የሚያነበው ኦፊሰርም ከዚህ አይለይም። ‹‹ካናዳን እወዳታለሁ፣ እመለሳለሁ›› የሚል ደብዳቤ ምንም አይነግረውም። ቀን፣ ቦታና ስም ያለው ደብዳቤ ግን ይነግረዋል።

ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በምሳሌነት የሚጠቅሳቸው ማስረጃዎች የታወቁ ናቸው፤ ከካናዳ አሠሪ የተጻፈ ደብዳቤ፣ ከካናዳ ትምህርት ተቋም የተሰጠ የመቀበያ ደብዳቤ፣ የተከራዩት ወይም የገዙት ቤት ማስረጃ፣ እዚያ ለመቋቋም የተዘጋጀ ምክንያታዊ ዕቅድ፣ አሁን ያሉበትን አገር ለመልቀቅ የተወሰደ ርምጃ። እነዚህን ወደ እኛ ኑሮ እንመልሳቸው።

ቤት። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ጉዳዩ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ስለሚወስድ ባዶ አፓርታማ ተከራይቶ መጠበቅ አይታሰብም፤ አይጠበቅባችሁምም። ካልጋሪ ወይም ቶሮንቶ ያለች እህት ‹‹መጥተው እስኪደላደሉ ድረስ እኔ ቤት ያርፋሉ›› ብላ ብትጽፍ፣ ከደብዳቤዋም ጋር ቤቱ የራሷ መሆኑን ወይም የኪራይ ውሏን ብታያይዝ፣ ይህ ተጨባጭ ነገር ነው። አድራሻ አለው፣ ሰው አለው። በተጨማሪ ልትኖሩበት በምታስቡበት ሰፈር የኪራይ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ አጣርታችሁ በዕቅዱ ውስጥ አስገቡ።

ሥራ። የቅጥር ደብዳቤ ያለው ጉዳዩ ቀለለለት። ከዓመት በኋላ ለሚመጣ ሰው ዛሬ ደብዳቤ የሚጽፍ አሠሪ ግን ብዙ አይገኝም። ያንን የሚተካው ሙከራው ነው፤ የላካችኋቸው ማመልከቻዎች፣ ከቀጣሪዎች ጋር የተጻጻፋችኋቸው ኢሜይሎች፣ የድሮ አለቃችሁ ‹‹ሲመለስ እናነጋግረዋለን›› ያሉበት መልስ፣ በሙያችሁ የታደሰ ወይም ሊታደስ የቀረበ ፈቃድ። የራሱን ሥራ ለመጀመር ያሰበም አጭር የሥራ ዕቅድ ከነመነሻ ካፒታሉ ሊያቀርብ ይችላል።

ገንዘብ። ካናዳ ውስጥ ያልተዘጋ የባንክ ሒሳብ፣ የጡረታ ቁጠባ፣ የሚንቀሳቀስ ክሬዲት ካርድ፣ የግብር ወረቀት ሁሉ ‹‹እግሬ ሙሉ በሙሉ አልወጣም›› ይላሉ። ወጪያችሁን በካናዳ ዶላር አስሉት። ብር እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 ጀምሮ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር፣ ከሁለት ዓመት በፊት በብር ያሰባችሁት ቁጠባ ዛሬ በዶላር ሲታይ ሌላ ቁጥር ነው። ይህን ስሌት ለኦፊሰሩ ብላችሁ ሳይሆን ለራሳችሁ ስትሉ ሥሩት።

ልጆች። ልጁ ሲወለድ ስፖንሰሩ ቀድሞ የካናዳ ዜጋ ከነበረ፣ ዜግነቱንም ያገኘው እዚያው በመወለድ ወይም በማመልከቻ ከሆነ፣ እዚህ የተወለደው ልጅም ካናዳዊ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው የዜግነት ሰርተፍኬት እንጂ ስፖንሰርነት አይደለም። የልጁን ሰርተፍኬትና ፓስፖርት አስቀድሞ ማውጣት፣ በምትሄዱበት ከተማ ስለ ትምህርት ቤት ምዝገባ መጠየቅ፣ እዚህ ካለው ትምህርት ቤት ትራንስክሪፕት የሚወጣበትን ጊዜ ማወቅ ሁሉ ቤተሰቡ በእርግጥ እየተነሳ መሆኑን ያሳያሉ።

እዚህ ያለው። ከካናዳ የሚመጣው ወረቀት ግማሹ ነው፤ ሌላው ግማሽ የሚገኘው ከአዲስ አበባ ነው። የቤት ኪራይ ውሉ መቼ ያበቃል? መኪናውን ማን ይገዛዋል? ድርጅቱ ይሸጣል፣ ይዘጋል ወይስ ለሌላ ሰው ይተላለፋል? ለወንድም ወይም ለእህት በውልና ማስረጃ የሚሰጥ ውክልና ረቂቅ፣ ከሸሪክ ጋር የተደረገ የአስተዳደር ስምምነት፣ ከዕቃ አጓጓዥ የተወሰደ የዋጋ ማቅረቢያ ጥሩ ማስረጃዎች ናቸው። አንድ ነገር ልጨምር። ሕጉ ያላችሁን ሁሉ ሽጡ አይልም። አዲስ አበባ ቤት መኖሩ ወይም የትውልደ ኢትዮጵያ ቢጫ ካርድ መያዝ በራሱ ጥያቄውን አይመልሰውም። ጥያቄው የምትኖሩት የት ነው የሚለው ነው።

ሦስት ደረጃ ያለው ዕቅድ

እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ ይመጣል። ‹‹እንደምንሄድ ለማስረዳት ሥራ ልልቀቅ? ቤቱን ልሽጥ? ቪዛው ቢከለከልስ?›› መልሱ አትቸኩሉ ነው። የሚጠየቀው ምክንያታዊ ዕቅድ ነው፤ ምክንያታዊ ሰው ደግሞ ውሳኔ ሳይሰማ ደመወዙን አይጥልም። ስለዚህ ዕቅዱን በሦስት ደረጃ ጻፉት።

የመጀመሪያው አሁን የተደረገውን ይዘረዝራል፤ የባንክ ሒሳብ፣ የእህት ደብዳቤ፣ የሥራ ፍለጋው፣ የልጅ ሰርተፍኬት። ሁለተኛው ማመልከቻው መልካም መልክ ሲይዝ የሚደረገውን ይናገራል፤ ለአሠሪ ማሳወቅ፣ የኪራይ ውሉን አለማደስ፣ ውክልናውን መፈረም። ሦስተኛው ቪዛው እጅ ሲገባ የሚሆነውን ይይዛል፤ የመልቀቂያ ደብዳቤ፣ የመኪና ሽያጭ፣ የበረራ ቀን። ከአንድ ወይም ከሁለት ገጽ አይብለጥ። እያንዳንዱ መስመር ከጎኑ የሚያያዝ ወረቀት ቢኖረው ጥሩ ነው።

የሰዓቱን ነገር ግን አትርሱ። የሕክምና ምርመራው የሚያገለግለው ለ12 ወር ነው፤ የመግቢያ ሰነዱ ማብቂያ ቀንም አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ምርመራው ቀደም ብሎ ተደርጎ ውሳኔው ከዘገየ፣ ‹‹እንኳን ደስ አላችሁ›› ከሚለው ደብዳቤ እስከ መግቢያው የመጨረሻ ቀን የሚቀራችሁ ጥቂት ወር ሊሆን ይችላል። ሰነዱ አይራዘምም። ‹‹ልጅቷ ክፍሏን ትጨርስ›› የሚለውን ውይይት በዚያች ጠባብ ጊዜ ውስጥ ከመጀመር አስቀድሞ መጨረስ ይሻላል።

የቅጽ አይኤምኤም 1344 አንዲት ጥያቄም ብዙ ሰው ሳያነባት ያልፋል። ‹‹ስፖንሰር ለመሆን ብቁ አይደለህም ከተባልክ ማመልከቻው ይቀጥል ወይስ ይነሳ?›› ትላለች። ‹‹ይነሳ›› ካላችሁ ከስፖንሰርነቱ ማመልከቻ ክፍያ በስተቀር ቀሪው ገንዘብ ይመለስላችኋል፤ ይግባኝ ግን አይኖራችሁም። ‹‹ይቀጥል›› ያለ ሰው ከካናዳ ውጭ ያመለከተ ከሆነ፣ ቢከለከል በ30 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ይግባኝ ሰሚው ክፍል ማቅረብ ይችላል። ‹‹ለመመለስ ሐሳብ የለውም›› ተብሎ መከልከል ደግሞ አዲስ ማስረጃ ይዞ ሊሟገቱበት የሚቻል ጉዳይ ነው። ስለዚህ ይህችን ሳጥን ተማክራችሁ ሙሏት።

ወደ ኩቤክ የሚሄዱ ደግሞ ከፌዴራሉ በተጨማሪ የክፍለ ሀገሩ የራሱ አሠራር እንዳለ ይወቁ፤ የስፖንሰርነቱ ግዴታ የሚፈረመውም ለኩቤክ ነው።

ደብዳቤውን ማን አነበበው?

በቅርብ የማውቃቸው ባልና ሚስት አሉ። እሱ ካናዳ ያደገ፣ ከዓመታት በፊት ተመልሶ አነስተኛ ማተሚያ ቤት የከፈተ ነው። እሷ ባንክ ትሠራለች። ትንሽ ልጅ አለቻቸው። እናቷ ከእነሱ ጋር ይኖራሉ፤ ስኳር አለባቸው፣ መድኃኒታቸውን ሰዓቱን ጠብቃ የምትሰጣቸው እሷ ናት።

ቅጾቹን እሱ ሞላ። የመመለሻ ደብዳቤውንም እሱ ጻፈ። ጥሩ ደብዳቤ ነበር፤ ማተሚያ ቤቱን እንደሚዘጋ፣ ቤቱን እንደሚለቁ፣ በየትኛው ወር እንደሚነሱ ሁሉ ተዘርዝሯል። እሷ ያነበበችው የራሷን ቅጽ ለመፈረም በተቀመጠችበት ምሽት ነው።

‹‹ይህን መቼ ነው የወሰንነው?›› አለችው።

‹‹ለወረቀቱ ነው እንጂ ዝርዝሩን በኋላ እናየዋለን።››

‹‹እማዬስ ለወረቀቱ ነው የምትቀረው?››

እሱ መልስ አልነበረውም። ፋይሉ ሳይላክ ከሁለት ወር በላይ ተቀመጠ። በእነዚያ ሳምንታት የተነጋገሩት ስለ ካናዳ ብቻ አልነበረም። እሷ ከባንክ ብትለቅ እዚያ የመጀመሪያዎቹን ወራት ያለ ራሷ ገቢ እንዴት እንደምትኖር፣ የእሱ ሠራተኞች ምን እንደሚሆኑ፣ ለእናቷ ማን እንደሚቀር ተነሳ። እናቲቱ ራሳቸው ተጠየቁ። ‹‹ልጄ፣ እኔን ምክንያት አድርገሽ ከቀረሽ እሱ ነው የሚያመኝ›› ነበር መልሳቸው። ግን ይህም ጉዳዩን አልዘጋውም። የወንድሟ ሚስት ወደ ግቢው እንድትገባ፣ ለመድኃኒቱም በየወሩ የሚቀመጥ ገንዘብ እንዲኖር ተስማሙ። ማተሚያ ቤቱ አይዘጋም ተባለ፤ ሸሪኩ እንዲያስተዳድረው ውል ተጻፈ። የመነሻው ጊዜ በአንድ የትምህርት ዓመት ተገፋ።

ሁለተኛው ደብዳቤ ከመጀመሪያው አጭር ነበር፤ ግን ከያንዳንዱ መስመር ጀርባ የሆነ ነገር ነበረው። የሸሪኩ ውል ተያያዘ። ፋይሉ ገብቷል፤ ውሳኔውን እየጠበቁ ነው። ውሳኔው ምንም ይሁን፣ እሷ አሁን የፈረመችውን ታውቀዋለች።

ከዚህ የተረዳሁት፣ ‹‹የመመለስ ፍላጎት›› የሚባለው በስፖንሰሩ ስም ቢጻፍም የሚፈጸመው በሁለቱ ኑሮ ነው። ስፖንሰሩ ወደሚያውቀው አገር ይመለሳል። ለሌላኛው ግን መመለስ የሚባል ነገር የለም፤ መሄድ ነው። ሥራውን፣ እናቱን፣ ዕድሩን፣ ዕቁቡን ትቶ የሚሄደው እሱ ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን አንዱ ጽፎ ሌላው የሚፈርምበት ቤት ውስጥ፣ ኦፊሰሩ ባይጠይቅ እንኳ ጥያቄው አይቀርም፤ ዘግይቶ፣ ምናልባትም በክረምቱ ብርድ መሀል ይመጣል።

አቋራጩ

የሥራ ቅጥር ደብዳቤ ‹‹እናስጽፍላችኋለን››፣ የኪራይ ውል ‹‹እናዘጋጃለን›› የሚሉ ደላሎች አይጠፉም። አትንኩት። በካናዳ ሕግ ሐሰተኛ ማስረጃ ማቅረብ ወይም ዋና ጉዳይ መደበቅ አመልካቹን ለ5 ዓመት ከመግባት ያግደዋል። አንድ የውሸት ደብዳቤ እውነተኛ ትዳር ያለበትን ፋይል ሙሉ ያበላሻል፤ ከዚያ በኋላ የሠርግ ፎቶውንም በጥርጣሬ የሚያየው ሰው ይበዛል።

ሌላው አቋራጭ ‹‹ገብተን ካርዱን ይዘን እንመለስ›› የሚለው ነው። ቋሚ ነዋሪ በየ5 ዓመቱ ውስጥ 730 ቀን ካናዳ መኖር አለበት። እርግጥ ነው፣ ከዜጋ የትዳር ጓደኛው ጋር አብሮ ውጭ የኖረበት ቀን የሚቆጠርለት ሁኔታ አለ። ግን እዚያ ላይም ‹‹ማን ማንን ተከትሎ ነው የወጣው?›› የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ከሁሉ በላይ፣ ቋሚ ነዋሪነቱ የተሰጠው ስፖንሰሩ ካናዳ እኖራለሁ ብሎ ስላስረዳ ነው። ለመኖር ያልወሰነ ቤተሰብ እኖራለሁ ብሎ መጻፍ የለበትም።

አሜሪካ ላላችሁ

አንባቢዎቻችን ውስጥ የአሜሪካ ዜግነት ያላቸውም ስላሉ በአጭሩ እንይ። እዚያም ጥያቄው አለ፤ መልኩ ግን ይለያል። አይ-864 የተባለውን የድጋፍ ቃል የሚፈርም ስፖንሰር ቋሚ መኖሪያው አሜሪካ መሆን አለበት። ውጭ የሚኖር ዜጋ ወይ ውጭ ያለው ለጊዜው መሆኑንና ትስስሩ እንዳልተቋረጠ፣ ወይ የትዳር ጓደኛው አሜሪካ ከሚገባበት ቀን ሳያልፍ እሱም እዚያ ኑሮውን እንደሚመሠርት ማስረዳት ይጠበቅበታል። አብረው መብረር ይችላሉ። የባንክ ሒሳብ፣ ሥራ ፍለጋ፣ መኖሪያ ቤት፣ የልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባ፣ በምርጫ ድምፅ መስጠት ሁሉ እንደ ማስረጃ ይታያሉ።

ሁለት ልዩነቶች ግን ከባድ ናቸው። አሜሪካ የገቢ መጠን ትጠይቃለች፤ ከድህነት መለኪያው 125 በመቶ። እ.ኤ.አ. በ2025 ለሁለት ሰው ቤተሰብ ይህ በዓመት 26,437 ዶላር ነበር፤ አላስካና ሃዋይ የራሳቸው መለኪያ አላቸው። ገቢው ካልደረሰ ተባባሪ ስፖንሰር ማቅረብ ይቻላል፤ ነገር ግን ተባባሪው የገቢውን ጉድለት እንጂ የዋናውን ስፖንሰር የመኖሪያ ጉድለት አይሞላም። ‹‹አጎቴ ይፈርምልኛል›› ብሎ መኖሪያውን ሳያስረዳ የሚቀርብ ሰው ቃለ መጠይቁ ላይ ይቆማል። ሁለተኛው፣ ግዴታው የ3 ዓመት አይደለም። የትዳር ጓደኛው ዜግነት እስኪወስድ፣ ወይም 40 የሥራ ሩብ ዓመት (ወደ 10 ዓመት ገደማ) እስኪቆጠርለት፣ ወይም ነዋሪነቱን ትቶ አገሩን እስኪለቅ፣ ወይም እስኪሞት ይቀጥላል። ፍቺ እዚያም አያፈርሰውም። የአሜሪካ ቪዛ አሰጣጥ በፖሊሲ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የኤምባሲውን ወቅታዊ ማስታወቂያ እዩ።

ከቅጹ በፊት ሁለት ወረቀት

ለሁለቱም አገር የሚሠራ አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። ቅጹን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹን አያቶቻቸው ጋር አድርጋችሁ፣ ሁለት ባዶ ወረቀት ያዙ። እያንዳንዳችሁ ለየብቻ አምስት ነገር ጻፉ። በየትኛው ወር ነው የምንሄደው? የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት የት እናርፋለን? የመጀመሪያው ደመወዝ የማን ነው፣ ከምን ሥራ? እዚህ ያለውን ቤትና ሥራ ማን ይይዘዋል? እዚህ የሚቀሩትን ወላጆች ማን ያያል?

ከዚያ ተለዋወጡና አንብቡ። ሁለቱ ወረቀቶች ከተቀራረቡ የመመለሻ ደብዳቤያችሁ ተጽፏል፤ የሚቀረው ማስረጃ ማያያዝ ብቻ ነው። ካልተቀራረቡም ጥሩ ነው፤ ለኦፊሰር ሳይሆን እርስ በርስ አወቃችሁት። ምናልባት ጊዜው ገና ይሆናል። ዜግነት ያለው ሰው ስፖንሰር የመሆን መብቱ ዛሬ ባለማመልከቱ አያልፍበትም፤ ዘመድ ለመጠየቅ ደግሞ የጉብኝት ቪዛ አለ። ለጊዜው እዚሁ መቆየትም በሁለት ሰው ስምምነት ሲሆን የተከበረ ውሳኔ ነው።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ቤታችሁ ሰላም ይሁን።